ስለ ሥጋ መቆጣት፥ በጾምና በማዕድም ስለሚጠበቅ ጤና

በአገራችን ቋንቋ ቍስል ቀልቶ፥ አብጦ፥ ግሎ፥ አላስነካ ሲል «ተቆጣ» ይባላል። የሕክምና መጽሐፍ ያላነበበው ባላገር ይህን ቃል ከየት አገኘው ብንል፥ ዐይቶ አገኘው ከማለት በቀር መልስ የለንም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ ስለ ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ የዚህ ደዌ ምልክቶች አራት መሆናቸውን፥ እነርሱም መቅላት፥ ማበጥ፥ መጋልና ማመም መሆናቸውን ገልጿል። የዛሬዎቹ ሐኪሞቻችን ደግሞ «ብግነት» ይሉታል፤ ይኸውም «በገነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ከባላገሩ ቃል ብዙ የራቀ አይደለም። በሐኪሙም በባላገሩም አንደበት ሥጋ እንደ ሰው ይቆጣል።

ቍጣ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። እሾህ በወጋው ጣት ዙሪያ ሥጋው የሚቀላው ደም ወደዚያ ስለሚበዛ፥ በደሙም ውስጥ ያሉት ነጫጭ ሕዋሳት ከእሾሁ ጋር የገባውን ተሕዋስ ስለሚዋጉ ነው። ይህ ቍጣ ሥራውን ፈጽሞ ሲበርድ ቍስሉ ይሽራል። ክፉ የሚሆነው ጠላት ባልሆነው ነገር ላይ ሲነሣ፥ ወይም የሚዋጋው ጠላት ሳይኖር ሳይበርድ ሲቀር ነው። ከፊተኛው ወገን በውጭ ቃል አለርጂ የሚባለው አለ፤ ከኋለኛው ደግሞ ቍርጥማትን የመሰሉ፥ ዓመት ከዓመት ሰውን የሚያደክሙ ደዌያት አሉ። አስም ከሁለቱም ይካፈላል።

ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ በደል ነው፤ በደሉም የራሳችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ደብር አንድ ወጣት ዲያቆን ነበረ፤ ድምፁ ያማረ፥ ለአገልግሎት የማይሰንፍ፥ ነገር ግን አስም ያለበት ልጅ ነው። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ወደ እኛ መጥቶ፥ «አባቴ፥ ይህን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ጠዋት ማታ እወስዳለሁ፤ ቀድሼ ልቈርብ ስዘጋጅ ጾሜን ይሽርብኛልን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ነገሩን ሳንመረምር፥ ሐኪምም ሳንጠይቅ፥ «ከቻልህ ቅዳሴው እስኪፈጸም ታገሥ» አልነው። እርሱም ታገሠ። እኛ የአንድ ቀን ትዕግሥት ብለን የተናገርነውን እርሱ የጾሙ ሁሉ ሥርዓት አድርጎ ያዘው። በስቅለት ዓርብ፥ ስግደቱ በበረታበት፥ ጢሱም ቤቱን በመላበት ሰዓት ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቍሮ፥ ደረቱ ሲያፏጭ፥ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት አደረሱት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተረፈ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ስለ ምን እንደ ተወ ሲጠይቀው ዝም አለ እንጂ ስማችንን አላነሣም። ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

ከዚያ ወዲህ ዐዋቂዎችን ጠይቀናል፥ የተጻፈውንም አንብበናል። ያገኘነውን ለወንድሞቻችን ካህናትና ለምእመናን እናቀርባለን፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1902 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ ሻርል ሪሼ ከባልንጀራው ከፖርቲዬ ጋር ሆኖ የባሕር እንስሳ መርዝን ለውሾች በጥቂቱ ይሰጥ ነበር። ውሾቹ መርዙን ይለምዱታል ብሎ ሲጠብቅ፥ ከሳምንታት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ከፊተኛው ያነሰ በሰጣቸው ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ሰውነት መከላከያውን ራሱ መግደያው ሊያደርገው እንደሚችል ከዚህ ታወቀ፤ ሪሼም ስለዚህ ሥራው በ1913 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አገኘ። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ፎን ፒርኬ «አለርጂ» የሚለውን ስም ከግሪክ ቃላት አውጣጥቶ አወጣ፤ ትርጓሜውም ሌላ ዓይነት ሥራ እንደ ማለት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኢሺዛካ፥ እንዲሁም የስዊድን ሊቃውንት፥ ይህን ሥራ የሚሠራውን የደም ዘብ ለይተው አገኙት።

አሠራሩን በምሳሌ ብንናገር፥ አንድ ባለጸጋ በደጁ ዘበኞች አቆመ እንበል። ዘበኞቹ አንድ ቀን በመንገድ የሚያልፈውን እንግዳ ሌባ ነው ብለው መልኩን ያዙት። በሁለተኛው ቀን ያው እንግዳ ሲመጣ አይጠይቁትም፤ ቤቱን ሁሉ በሁካታ ይመሉታል፤ በዱላቸውም ከእንግዳው ይልቅ የጌታቸውን ዕቃ ይሰብራሉ። እንግዳው የሣር ብናኝ ወይም የድመት ጠጕር ወይም ኦቾሎኒ ነው። ሁካታውም ሂስታሚን የሚባለውና መሰሎቹ ከሕዋሳት ሲለቀቁ የሚሆነው ነው፤ አፍንጫ ይፈስሳል፥ ዐይን ይቀላል፥ ቆዳ ሽፍ ይላል፥ በጸና ጊዜም ጕሮሮ ያብጣል፥ የትንፋሽ መንገድ ይጠብባል፥ የደም ግፊት ይወድቃል።

ይህ ደዌ በከተሞች ስለ ምን እንደ በዛ ብዙ ተመርምሯል። በ1989 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገሩ ስትራካን ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያሉት ልጅ በሣር ብናኝ ምክንያት በሚመጣው ጕንፋን እምብዛም እንደማይያዝ አስተዋለ፤ በልጅነት ከብዙ ተሕዋስ ጋር መገናኘት ዘቡን ያስተምረዋል የሚለውም ሐሳብ ከዚያ ተነሣ። በእኛም አገር በጅማና በዙሪያዋ የተደረገው፥ በ1997 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ፥ አስም ከከተማው ይልቅ በገጠሩ ያነሰ ሆኖ እንደ ተገኘ ይናገራል። ይህን ሰምቶ ቆሻሻን የሚያመሰግን ሰው ግን ይሳሳታል፤ የገጠሩ ሕፃን ከአስም ቢያመልጥ በተቅማጥ ሲሞት በዐይናችን አይተናል፥ ቀብረናልም።

ወደ ዲያቆኑ ጥያቄ እንመለስ። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ዕቃ ያለው፥ የጠበበውን የትንፋሽ መንገድ ወዲያው የሚከፍት ነው። ሁለተኛው በየቀኑ የሚወሰድ፥ በመንገዱ ግድግዳ ላይ ያለውን ብግነት የሚያበርድ ነው። ሕዝባችን የፊተኛውን ይወድዳል፥ ሲሳብ ይሰማልና፤ የኋለኛውን ይተዋል፥ ሥራው አይታይምና። ነገር ግን ሰማያዊውን ብቻ መያዝ እሳቱን ትቶ ጢሱን እንደ ማራገብ ነው። ስለ አስም ለዓለም ሐኪሞች መመሪያ የሚያወጣው ጉባኤም ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ በሰማያዊው ብቻ መታከም እንዳይገባ ይመክራል።

እንግዲህ ይህ ጾምን ይሽራልን? ጾም ከመብልና ከመጠጥ መከልከል ነው። ወደ ሳንባ የሚገባ መድኃኒት እንጀራ አይደለም፥ ውሃም አይደለም፤ ረኃብን አያስታግሥም፥ ጥምንም አይቈርጥም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ የጾምን ሥርዓት ሲደነግግ የታመመውን ሰው ከጤነኛው ለይቶ ያየዋል። ታላቁ ባስልዮስ፥ ራሱ ደዌ የማይለየው ሰው ሲሆን፥ በቂሳርያ ለድውያን ቤት የሠራ ነው፤ ለመነኮሳቱም በጻፈው ሥርዓት የሕክምናን ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ረድኤት አድርጎ ይቈጥረዋል። ሲራክ ባለ መድኃኒቱን እንድናከብር ያዝዛል፤ ከወንጌላውያንም አንዱ ሐኪም ነበረ። ስለዚህ ዛሬ ያ ልጅ ቢጠይቀን የምንመልስለት ይህ ነው፤ መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፥ ከወሰድህም በኋላ አፍህን ተጕመጥምጠህ ትፋ፥ ይህ መድኃኒት በአፍ ውስጥ ሲቀር ያቈስላልና። ተጕመጥምጦ መትፋቱ ያሳሰበው ሰው ቢኖር ከቍርባን በፊት ያለው 18 ሰዓት ከመጀመሩ በፊት የማታውን ይውሰድ፥ የጠዋቱንም ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ያስማማ፤ ይህ በቀላሉ የሚስማማ ነው። ሰማያዊውን ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው በማናቸውም ሰዓት፥ በቅዳሴም መካከል ቢሆን፥ ይውሰድ።

ስለ ዕጣንም ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ዕጣን ይቅር የሚል ሰው ቢነሣ ከእኛ ጋር አይደለም። ነገር ግን ጢስ፥ የተቀደሰም ቢሆን፥ ጢስ ነው፤ የታመመ ሳንባ የቤተ መቅደሱን ጢስ ከማድቤቱ ጢስ አይለይም። ፍሙ ከውጭ በደንብ ነድዶ ጕዱ ከጠፋ በኋላ ወደ ጽናው ቢገባ፥ ዕጣኑም በእፍኝ ሳይሆን በጣት ቢጨመር፥ መስኮቶችም ቢከፈቱ ሥርዓቱ ምንም አይጐድልበትም። አስም ያለበት ምእመን ከደጃፍ ወይም ከመስኮት አጠገብ ይቁም፤ ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ሆኖ ቢያስቀድስም በረከቱ አይቀርበትም። በየቤቱ ግን ያለው ጢስ ከዚህ ይከፋል። በጠባብ ክፍል የእንጨትና የከሰል እሳት እየነደደ፥ በርበሬ እየተቈላ፥ ከዚያም ቡና ሲፈላ ዕጣን እየጤሰ፥ በመካከል የሚስል ሕፃን ተኝቶ ስናይ «ብርድ መትቶት ነው» ይሉናል። የሚስለውን ሕፃን ከብርድ ሲሸሽጉ በጢስ ይዘጉበታል።

አሁን ወደ ማዕድ እንግባ፤ ይህ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሌላው ይልቅ የሚመለከት ነው፥ ምእመናን በዓመት ውስጥ ወደ 180 ቀን፥ ካህናትና መነኮሳትም እስከ 250 ቀን ይጾማሉና። ሰውነትን በአለርጂ የሚያስቈጡ ምግቦች በብዛት የሚታወቁት ወተት፥ ዕንቍላል፥ ዓሣ፥ እንደ ሽሪምፕ ያሉት ቅርፊት ለባሽ የባሕር እንስሳት፥ ኦቾሎኒ፥ እንደ ለውዝ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፥ ስንዴ፥ አኵሪ አተርና ሰሊጥ ናቸው፤ ሰሊጥን አሜሪካ በ2021 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በምግብ ዕቃ ላይ በግድ ከሚጻፉት ጋር ቈጥራዋለች። አንባቢ ይህን ዝርዝር ቢመለከት ወተቱና ዕንቍላሉ በፍስክ ቀን የሚበሉ፥ ኦቾሎኒው፥ ሰሊጡ፥ አኵሪ አተሩና ስንዴው ግን በጾም የሚበዙ መሆናቸውን ያያል። ብዙ እናቶች «ጾም ገባ፥ ልጄ ከወተትና ከዕንቍላል ዐረፈ» ይላሉ፤ እውነት ነው። ኦቾሎኒ ለሚያስቈጣው ልጅ ግን የጾሙ ማዕድ ከፍስኩ የከፋ ነው። የጾም ወተት የሚባለው ከአኵሪ አተር ወይም ከኦቾሎኒ ይጨመቃል፤ በጾም ኬክና በጾም ቅቤ ውስጥ ያለውን ሻጩም ራሱ አያውቀውም፤ የሰሊጥ ፍትፍት ከሱፍ ፍትፍት በመልክ አይለይም። የጠየቀ ሰው አላዋቂ አይባል።

ከጥያቄውም ይልቅ የሚያስቸግረው ፍቅራችን ነው። በማኅበርና በዝክር ላይ ባለቤቲቱ ጕርሻ አዘጋጅታ «በሞቴ» ስትል እንቢ ማለት እንደ ስድብ ይቈጠራል። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ማኅበር መምጣት እንደ ተወች፥ ምክንያቱንም ስንጠይቃት፥ «ልጄን የሚጠላው ሰው የለም፥ ሁሉም ያጐርሰዋል፤ የፈራሁት ይህንኑ ነው» ብላ መለሰችልን። ጕርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ አልበላም የሚለውን ሰው አለማስገደድ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ፍቅር ይመስለናል። የማኅበሩ ሙሴ ይህን ከጸሎቱ በኋላ ለተሰበሰቡት ቢያሳስብ ጥሩ ነው።

እንደዚህ ያለ ሰው በስሕተት የሚያስቈጣውን በልቶ ፊቱ ቢያብጥ፥ ድምፁ ቢሰለል፥ ትንፋሹ ቢያጥር፥ ወይም ራሱን ቢያዞረው፥ ወተት ያፈርሰዋል እያሉ ወተት መጋት ከንቱ ነው፤ እንዲያውም ያስቈጣው ወተት ከሆነ ይገድለዋል። ለዚህ ያለው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ በጭኑ ሥጋ በቶሎ ይወጋል። ሐኪም አስቀድሞ ሰጥቶት ከያዘ ወዲያው ይወጉት፤ ከሌለው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት። ራሱን ካዞረው እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ እንጂ አይራመድ። ጠበሉን ከዚህ በኋላ፥ በሕይወት ቈይቶ፥ ይጠመቃል።

ሕፃናትን አስቀድሞ ከኦቾሎኒ ማራቅ ይጠቅም መስሏቸው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2000 ዓ.ም. ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ 3 ዓመት እንዳይቀምሱት መክሮ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ምክሩን ተወው። በዚያው ዓመት በታተመ ምርመራ በእንግሊዝ የሚኖሩ የአይሁድ ልጆች የኦቾሎኒ አለርጂ በእስራኤል ካሉት ወደ 10 እጥፍ በልጦ ተገኘ፤ የእስራኤል ሕፃናት ጥርስ ሳያወጡ የኦቾሎኒ ምግብ ይቀምሳሉና። ነገሩን ለመፈተን በለንደን 640 ሕፃናት ተመረጡ፥ ከፊሉ እንዲበሉ፥ ከፊሉ እንዳይቀምሱ ተደረገ። ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ሲታተም፥ ካልቀመሱት ከመቶ 17 ያህሉ፥ ከበሉት ግን ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ በ5 ዓመታቸው አለርጂ ተገኘባቸው። ዘቡ እንግዳውን በቤቱ ማዕድ አስቀድሞ ካየው ሌባ አይለውም። ሆኖም ቆዳው ክፉኛ ሽፍ የሚልበት ወይም ዕንቍላል የሚያስቈጣው ሕፃን ሐኪም ሳያየው በቤት አይሞከርበት፤ ለሕፃንም ሙሉ ፍሬው አይሰጥም፥ ያንቃልና፤ ተፈጭቶና ተበጥብጦ ነው እንጂ።

ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋው ሁሉ ግን አለርጂ አለብኝ አይበል። ያ ብዙ ጊዜ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ነገር በአንጀት ውስጥ ስላነሰ ነው፤ ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም፥ እርጎና አይብም ይቀልለዋል።

ስለ ስንዴ የምንናገረው ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ዲከ፥ አንጀታቸው እየቈሰለ የሚከሱ ሕፃናትን የሚጐዳው ስንዴ መሆኑን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጠርጥሮ ነበር፤ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. ክረምት በሆላንድ ረኃብ ሆኖ ዳቦ በጠፋ ጊዜ እነዚህ ሕፃናት ሲሻላቸው፥ ዳቦው ሲመለስ እንደገና ሲታመሙ ዐየ። ደዌው ሴሊያክ ይባላል፤ በስንዴ፥ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ባለው ግሉተን ምክንያት ሰውነት በገዛ አንጀቱ ላይ የሚቆጣበት ነው። ጤፍ ግን ግሉተን የለውም። ለዚህ ደዌ ከእኛ እንጀራ የሚሻል እንጀራ በዓለም ላይ ስንት ይኖራል? ነገር ግን እንጀራው የጤፍ ብቻ መሆኑ ይጠየቅ፤ በአገር ቤት ገብስ ይቀላቀላል፥ በአሜሪካና በአውሮፓም ጤፍ ውድ ሲሆን የስንዴ ዱቄት ይጨመራል፤ መልኩ ጥቍር ስለ ሆነ ንጹሕ ጤፍ ነው ማለት አይደለም።

ጭንቁ የሚመጣው በቅዱስ ቍርባን ላይ ነው፥ ኅብስቱ ከስንዴ ነውና። በባሕር ማዶ ከሚኖሩ ምእመናን ይህን የጠየቁን አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ሐኪም ስንዴን ፈጽሞ ስለ ከለከለው ሦስት ዓመት ሳይቈርብ የኖረ ነው። ለማንም አልተናገረም፤ ሰው ኃጢአት ሠርቶ የራቀ ይመስለው ነበር። በዚህ ነገር ፍርድ መስጠት የአንድ መጽሔት ጸሐፊ ሥልጣን አይደለም፤ የጳጳሳት ነው። እኛ የምንለው ይህን ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በዝምታ ከመራቅ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ንስሐ አባቱም እኛ እንዳደረግነው ፈጥኖ ከመመለስ ወደ ሀገረ ስብከቱ ያቅርበው። የሚጠይቁ ሲበዙ ፍርዱም ይመጣል። ጠበል ጻዲቁን ግን፥ ያ ስንዴ ዳቦ ስለ ሆነ፥ በአክብሮት ተቀብሎ ለሌላ ቢሰጥ ነውር የለበትም።

ከዚህ በኋላ ሳይበርድ ስለሚቀረው ብግነት ጥቂት እንበል። ቍርጥማት የሚባለው አንድ ደዌ አይደለም። እንደ እኛ በማኅሌት ቆሞ ያረጀ ሰው ጕልበቱን የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያው ልስላሴ ስላለቀ ነው፤ ይህን መቋሚያው፥ ክብደትን መቀነስና በልክ መራመድ ያቀልሉታል። የሁለቱም እጅ ጣቶች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡ፥ ጠዋት ጠዋትም ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቀው አልታጠፍ ካሉ ግን ይህ ሌላ ነው፤ ሰውነት በራሱ መገጣጠሚያ ላይ ተቈጥቷልና በቶሎ ሐኪም ካላየው አጥንቱን ይበላል። ስለዚህኛው ደዌ በኖርዌይ በ1991 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ አለ። 27 ሕሙማን ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል በጣም ጥቂት እየቀመሱ ጾሙ፤ ከዚያም ለወራት ሥጋ፥ ወተትና ዕንቍላል የሌለበት ምግብ በሉ፥ ኋላም ወተት ተጨመረላቸው። ሕመማቸው ቀነሰ፥ ይህም እስከ ዓመቱ ጸና። በጾም ብቻ የሚሻለው ግን ወደ ቀድሞው ምግብ ሲመለስ ሕመሙም እንደሚመለስ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። መድኃኒታቸውን ጥለው ዳኑ የሚል ቃል በዚህ ውስጥ የለም፤ ስብከት ላይ እንደዚያ ሲነገር ሰምተናልና እናስጠነቅቃለን።

ዳንኤልና ባልንጀሮቹ 10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ወስደው ፊታቸው ከንጉሥ ማዕድ ከበሉት ይልቅ አምሮ ተገኘ። ጥራጥሬና ውሃ መሆኑን ልብ ይሏል። የዛሬው ጾማችን ግን ሥጋውን አስወጥቶ ዘይቱን አስገብቷል፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፥ በዘይት የሚዋኝ ሽሮ፥ ነጭ ዳቦ፥ በጠርሙስ የታሸገ ስኳር። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ብግነትን የሚያነሣሡ መልእክተኞችን ወደ ደም ይልካል። ምስሩ፥ ባቄላው፥ ሽምብራው፥ ጐመኑ፥ ተልባው፥ ያልተፈተገው እህል ያበርዳሉ፤ በእነዚህ ያለው አሠር በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይመግባል፥ ተልባም ከዓሣ ዘይት ጋር የሚዛመድ ቅባት አለው። ዓሣን በጾም ስለ መብላት የሚነሣውን ክርክር እዚህ አናነሣውም። እንቅልፍ ማጣትም ብግነትን ይጨምራል፤ ሌሊቱን በማኅሌት ያደረ ካህን ቀን ቢተኛ ሰነፍ አይባል።

ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ሌሊት ጥሬ ሥጋና ጠላ በአንድ ጊዜ የሚያወርድ ሰው በማግሥቱ የእግሩ አውራ ጣት እንደ እሳት ሲነድድ ይነቃል። ይህ ሪህ ነው፤ ከሥጋ፥ ይልቁንም ከጕበትና ከኵላሊት፥ እንዲሁም ከጠላና ከቢራ የሚበዛው አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጨው ሲረጋ የሚመጣ ብግነት ነው። አባቶቻችን ጾምን በጥቂት በጥቂቱ መፍታትን የመከሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚያ አገር ባለ አንድ ዓይነት መዥገር የተነከሰ ሰው የበሬና የበግ ሥጋ ሊያስቈጣው እንደሚችል የቨርጂኒያው ሐኪም ፕላትስ ሚልስና ባልንጀሮቹ አስታውቀዋል። ቍጣው ወዲያው አይመጣም፥ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ጾሙን ሁሉ በጤና የፈጸመ ሰው የትንሣኤ ሌሊት ሥጋ በልቶ ተኝቶ፥ ጎሕ ሲቀድ ቆዳው ሁሉ ሽፍ ብሎ ቢነቃ፥ ቡዳ ነው፥ ዐይን ነው ከማለት በፊት መዥገርን ያስብ።

ስለ እርድ፥ ስለ ዝንጅብልና ስለ ጥቍር አዝሙድ ብዙ ይጠይቁናል። በወጥ ውስጥ መልካሞች ናቸው፤ ብግነትን የሚያቀልል ኃይል እንዳላቸውም የሚመረምሩ አሉ። በማር ተለውሰው የአስምን መድኃኒት ይተካሉ የሚል ሰው ግን ሻጭ ነው። ጠበልም እንዲሁ መድኃኒትን ይከለክላል የሚል ትምህርት ከአበው አልተቀበልንም፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ ይጠመቅ። ይህን የምንለው የጠበልን ኃይል አሳንሰን አይደለም፤ ባለፈው የበደልነውን አስበን ነው።

ያ ዲያቆን ዛሬም ያገለግላል። ባለፈው ስቅለት ከሰሜኑ መስኮት አጠገብ ቆሞ ነበር፤ መስኮቱን ከማለዳ ጀምሮ የከፈትነው እኛ ነን። በስግደቱ መካከል ትንፋሹ ሲያጥር ወደ ውጭ ወጥቶ መድኃኒቱን ሳበ፥ ጥቂት ተቀምጦ ተመለሰ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ «ምን ይስባል?» ብለው በጆሯችን ጠየቁን፤ «ትንፋሽ» አልናቸው።